ቫሌንሲያ ለሦስት ሌሊት በገና ጾም፦ የት እንደር? ምን እንብላ?

#1 ሰላም_ፍራንክፈርት
ጤና ይስጥልኝ። በዲሴምበር የመጀመሪያው እሁድ የሚደረገውን ማራቶን ለማየት ከእናቴ ጋር ቫሌንሲያ እንሄዳለን። ዓርብ ረፋድ ገብተን ሰኞ ማታ እንመለሳለን። እናቴ ጉልበቷን ያማታል፤ ሜዳ ላይ ቀስ ብላ ግማሽ ሰዓት ትሄዳለች፣ ደረጃ ግን ይከብዳታል። የገናን ጾም ስለምትጾም ከሰኞ እስከ ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አትቀምስም፣ ዓሣም በጾም አትበላም። አሳማ፣ ጥንቸል፣ ሽሪምፕና ቅርፊት የሌለው የባሕር ፍጥረት በፍስክም ቢሆን ሁለታችንም አንነካም።

የትኛው ሰፈር ይሻለናል፦ አሮጌው ከተማ፣ ባሕር ዳርቻው ወይስ ሩጫው የሚያልቅበት አካባቢ? እናቴንስ የት ወስጄ ላብላት? ቫሌንሲያ ድረስ ሄዳ የአገሩን የሩዝ ምግብ፣ ፓኤያን፣ ሳትቀምስ እንድትመለስ አልፈልግም። በጀታችን መካከለኛ ነው።

#2 ባለ_ቱሪያ (ቫሌንሲያ)
እህቴ ሰላም። ሰዓት የምጽፈው በእኛ አቆጣጠር ነው፤ የስፔኑን በቅንፍ አስገባለሁ።

ማደሪያችሁን በኖርድ ባቡር ጣቢያ ዙሪያ አድርጉት። ከጣቢያው ወደ ሰሜን እስከ ማዘጋጃ ቤቱ አደባባይ፣ ወደ ምሥራቅ እስከ ኮሎን መንገድ፣ ወደ ደቡብ ደግሞ ሩሳፋ ሰፈር እስከሚጀምርበት ድረስ ያለውን ማለቴ ነው። ከአየር ማረፊያው የሚነሱት የሜትሮ 3 እና 5 ቁጥር መስመሮች ሻቲቫና ኮሎን ጣቢያ ላይ ያቆማሉ፤ 25 ደቂቃ ያህል ነው፣ መሃል ላይ መቀየር የለበትም። ማራቶኑ ወደሚያልቅበት፣ «የኪነ ጥበብና ሳይንስ ከተማ» ወደሚባለው የሙዚየሞች ግቢ የሚወስደው 10 ቁጥር ትራም፣ በ2022 የተከፈተው፣ ከኖርድ ጣቢያ አጠገብ ካለው አላካንት ጣቢያ ነው የሚነሳው። ማዕከላዊው ገበያ በእግር ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ነው፤ መንገዱ ሜዳ ስለሆነ እናትሽ አይቸገሩም።

በዚህ ክልል ውስጥ ካሉት ሆቴሎች ዘኒት ቫሌንሲያ ከጣቢያው ጎን ባይሌን መንገድ ላይ አለ፤ ቪንቺ ሊስ በአደባባዩና በጣቢያው መካከል ነው፤ ካታሎኒያ ኤክሴልሲዮርም ከአደባባዩ ትንሽ እልፍ ብሎ ይገኛል። በቦታቸው ምክንያት ነው የጠቀስኳቸው፤ ዋጋቸውን በቀናችሁ አወዳድሪ።

ቦታ ከመያዝሽ በፊት ግን የምታጣሪው ነገር አለ። የቆዩት ሕንፃዎች ከምድር ቤቱ በላይ «ኤንትሬሱዌሎ»፣ ከዚያም «ፕሪንሲፓል» የሚባሉ ወለሎች ስላሏቸው፣ «አንደኛ ፎቅ» የተባለው በእኛ ቆጠራ ሦስተኛ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። በተለይ «ኦስታል» በሚባሉት ትንንሽ ማረፊያዎች ሊፍቱ ራሱ ከጥቂት ደረጃዎች በኋላ የሚጀምርበት ጊዜ አለ። ስለዚህ «ሊፍት አለ?» ብሎ ማቆም አይበቃም፤ «ከመንገዱ እስከ ሊፍቱ ደረጃ አለ?» ብለሽ በጽሑፍ ጠይቂ።

ማሞቂያውንም እንዲሁ። ቫሌንሲያ በዲሴምበር ቀን ቀን ወደ 16 ወይም 17 ዲግሪ ትደርሳለች፣ ሌሊት ግን ወደ 8 ትወርዳለች። ቤቱ የተሠራው ለበጋ ሙቀት ነው፤ ወለሉ ንጣፍ ድንጋይ፣ መስኮቱም ስስ ስለሆነ ጀርመን ካለው ቤት በላይ ይበርዳል። «ካሌፋክሲዮን» የሚለውን ቃል በመግለጫው ውስጥ ፈልጊ።

አሮጌው ከተማ ውስጥ ያለው ኤል ካርሜ ሰፈር ያምራል፣ ግን ለማየት እንጂ ለማደር አልመክርሽም። ጠጠር ድንጋይ መንገዱ ለጉልበት አይመችም፤ መጠጥ ቤቶቹም እስከ እኩለ ሌሊትና ከዚያ በላይ ይጮኻሉ። የሩሳፋ መሃሉም በሳምንት መጨረሻ ያው ነው። የትም ብታድሩ «አቢታሲዮን ኢንቴሪዮር» ጠይቂ፤ መስኮቱ ወደ ውስጠኛው ግቢ የሚከፈት ክፍል ማለት ነው፤ ብርሃኑ ያንሳል፣ እንቅልፍ ግን ይገኝበታል።

#3 ማርቆስ_ማድሪድ
በአብዛኛው እስማማለሁ፤ ለማራቶን ከሆነ ግን መድረሻው አጠገብ ያለውን አቬኒዳ ዴ ፍራንሲያ የሚባለውን መንገድ እመርጣለሁ። ባርሴሎ ቫሌንሲያ ሆቴል ከኪነ ጥበብና ሳይንስ ከተማ ፊት ለፊት ነው፤ ኢሉኒዮን አኳ የሚባሉት ሆቴሎችም አኳ ከሚባለው የገበያ ማዕከል ጋር የተያያዙ ናቸው። ሕንፃዎቹ አዲስ ስለሆኑ ሊፍትና ማሞቂያ አያሳስብም። እሁድ ጠዋት እናትን ይዞ ትራም ውስጥ ከመጋፋት ከሆቴል በር ወጥቶ ማየት ይሻላል።

ከአዲስ አበባ በማድሪድ በኩል ለምትመጡ፦ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ማድሪድ ይበራል። ከአየር ማረፊያው በሜትሮ 8 ቁጥር ኑዌቮስ ሚኒስቴሪዮስ፣ ከዚያ በ10 ቁጥር ቻማርቲን ባቡር ጣቢያ ትደርሳላችሁ፤ ለአየር ማረፊያ ጣቢያ 3 ዩሮ ጭማሪ ይከፈላል። ፈጣኑ ባቡር ወደ ቫሌንሲያ ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ሬንፌ፣ ኦዊጎና ኢርዮ የሚባሉ ድርጅቶች መስመሩ ላይ ስላሉ ዋጋቸውን አወዳድሩ። ትኬቱ ላይ የተጻፈው አቶቻ ይሁን ቻማርቲን አስተውሉ፤ ሁለቱ ጣቢያዎች በከተማው ሁለት ጫፍ ላይ ናቸው፣ ተሳስቶ መሄድ ባቡሩን ያሳልፋል። ቫሌንሲያ የምትወርዱት ሆአኪን ሶሮያ ጣቢያ ነው፤ ከኖርድ ጣቢያ በእግር ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይርቃል።

#4 ባለ_ቱሪያ (ቫሌንሲያ)
ማርቆስ ስለ ሕንፃዎቹ ያልከው ልክ ነው። የምግቡ ነገር ነው ሐሳቤን የሚያስቀይረኝ። በአቬኒዳ ዴ ፍራንሲያ ዙሪያ የሚበዙት የፈጣን ምግብ ሰንሰለቶችና የሆቴል ምግብ ቤቶች ናቸው፤ ጾመኛ እናት ይዞ ለሦስት ቀን እዚያ መቆየት ለእያንዳንዱ ምሳ ወደ መሃል ከተማ መመላለስ ይሆናል። ሩጫው አንድ ጠዋት ነው፤ መብላት ግን በየቀኑ አለ። በዚያ ላይ በማራቶኑ ሌሊቶች ከሁሉ ቀድሞ የሚሞላውና ዋጋው የሚሰቀለው ያ ሰፈር ነው።

ባሕር ዳርቻውም፣ ማልቫሮሳና ካባንያል ማለት ነው፣ በዲሴምበር ለማደሪያ አይሆንም። ነፋሱ ብርዱን ይጨምራል፣ ከመሃል ከተማም ትራምና አውቶቡስ ይጠይቃል። ለአንድ ምሳ ግን ይሄዳል።

መሃሉ ከሞላባችሁ በ3 ቁጥር ሜትሮ መስመር ላይ ቤኒማክሌትን ወይም አልቦራያን እዩ። ሁለቱም ጸጥ ያሉና ከአየር ማረፊያው በቀጥታ የሚደረስባቸው ናቸው። አልቦራያ በተጨማሪ ወተት የሚመስለው ጣፋጭ መጠጥ፣ የኦርቻታ፣ አገር ነው፤ ስለ እሱ የምግቡ ባለሙያዎች ይጽፋሉ። ያለ ቅጣት የሚሰረዝ ክፍል አሁኑኑ ያዢ፣ የተሻለ ስታገኚ ትቀይሪያለሽ።

#5 አሰግድ_ሩጫ
ስለ እሁዱ ጠዋት። መነሻው በሞንቶሊቬት ድልድይ ላይ ነው፤ መድረሻው በሳይንስ ሙዚየሙ ጎን ውኃ ላይ በተዘረጋው ሰማያዊ መድረክ ነው። ባለፉት ዓመታት ታዋቂዎቹ የሚነሱት ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከሩብ (8:15) ላይ ነበር፤ የምትሄጂበትን ዓመት ሰዓት ከአዘጋጆቹ ገጽ አረጋግጪ። በዚያ ስሌት ወንዶቹ መሪዎች ከ4 ሰዓት ከሩብ (10:15) በኋላ፣ ሴቶቹ ደግሞ ወደ 4 ሰዓት ተኩል (10:30) ይገባሉ። ሲሳይ ለማ በ2023 እዚህ 2:01:48፣ አማኔ በሪሶ በ2022 2:14:58 ሮጠው ያሸነፉበት ሜዳ ነው። ከተማዋ ዝቅ ያለችና ሜዳ ናት፣ በዲሴምበር ጠዋት ቀዝቃዛ ናት፤ ፈጣን ሰዓት የሚመዘገበው ለዚህ ነው። ለተሰንበት ግደይም የግማሽ ማራቶን የዓለም ክብረ ወሰኗን፣ 1:02:52፣ ያስመዘገበችው በጥቅምት 24፣ 2021 በፈረንጆቹ እዚሁ ነው።

መድረሻው መስመር አጠገብ ቦታ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ከመድረሻው አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ቀድሞ ባለው መንገድ ላይ ቁሙ፤ ሰዉ ይሳሳል፣ ሯጮቹም ግልጽ ይታያሉ። በ10 ቁጥር ትራም ለመሄድ ከ3 ሰዓት (9:00) በፊት ከሆቴል ውጡ። የከተማው አውቶቡሶች በዚያ ጠዋት መንገድ ስለሚቀይሩ ታክሲም ሆነ አውቶቡስ አትመኑ። ለእናትሽ ተጣጣፊ ትንሽ ወንበር ያዢላቸው፤ አንድ ሰዓት ተኩል መቆም ለጉልበት ብዙ ነው።

#6 ወይዘሮ_ጓዳ (ሮም)
ሰላም ልጄ። ስፔን ውስጥ አትክልት ሞልቷል፤ የሚያስቸግረው አትክልቱ ውስጥ ሳይነገር የሚገባው ነገር ነው። «ሲን ካርኔ»፣ ሥጋ የሌለው፣ ብትዪያቸው ብዙዎቹ አስተናጋጆች የሚገባቸው ቁራጭ ሥጋ ብቻ ነው። ሰላጣው ላይ ቱና፣ አርቲቾክ በሚባለው እምቡጥ መሳይ አትክልት ላይ የኻሞን (የደረቀ የአሳማ ሥጋ) ፍርፋሪ ተነስንሶ ይመጣል፣ እነሱም ሥጋ ሰጠን አይሉም። ስለዚህ የሚሠራው ቃል «ቤጋኖ» ነው፤ ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ወተት የሌለበት መሆኑ በአንድ ቃል ይገባቸዋል። ከዚያ «ዬባ ካልዶ ዴ ካርኔ ኦ ዴ ፔስካዶ?» ብለሽ ጨምሪ፤ የሥጋ ወይም የዓሣ መረቅ አለበት ወይ ማለት ነው። የተሳሳተው ሁሉ የሚመጣው ከመረቁ ነው።

ያለ ሥጋት የሚበላው፦ በቲማቲምና በወይራ ዘይት የተቀባ ዳቦ («ፓን ኮን ቶማቴ»)፣ በጋለ ብረት ላይ የተጠበሰ አትክልት («ፓሪያዳ ዴ ቤርዱራስ»)፣ እንጉዳይ በነጭ ሽንኩርት፣ አርቲቾክ። አርቲቾክ በክረምት ወቅቱ ነው፤ ከቤኒካርሎ የሚመጣው ስሙ የታወቀ ነው፣ በጨውና በዘይት ብቻ ሲጠበስ ይበቃዋል። በምድጃ የተጠበሰ ቀይ የፈረንጅ ቃሪያና ደበርጃን «ኤስፔንካት» ይባላል፤ አንዳንዱ ቤት ላዩ ላይ በጨው የደረቀ ዓሣ ያደርግበታል፣ «ሲን ባካላዎ» በይ። «ኤስጋራኤት» የሚባለው ግን ዓሣው ዋናው ነው፣ እሱን ተይው። «ቲታይና»ም ውስጡ ቱና አለበት።

«ፓታታስ ብራቫስ» ድንቹ የጾም ነው፤ ቫሌንሲያ ውስጥ ግን ከቀዩ ስልስ ጋር አሊዮሊ ያፈሱበታል። አሊዮሊ ከነጭ ሽንኩርትና ዘይት ብቻ የሚሠራበት ጥንታዊ መንገድ ቢኖርም ምግብ ቤት የሚመጣው በአብዛኛው እንቁላል አለበት። ለብቻው በሳህን እንዲያመጡት ጠይቂ፤ እናትሽ ቀዩን ብቻ ይንከሩ።

የሚወገዱት፦ ምስርና ሽምብራ ወጡ («ሌንቴኻስ»፣ «ፑቼሮ») የጾም ቢመስልም በአሳማ ቋሊማና በአጥንት ይሠራል። «ክሮኬታስ» በወተት ነው፣ «ቶርቲያ» በእንቁላል ነው። «አሮስ አል ፎርን» የሚባለው የምድጃ ሩዝ ሽምብራ ላዩ ላይ ይታያል፣ ከሥሩ ግን የአሳማ ጎድንና የደም ቋሊማ ነው።

አንድ ነገር በጣም ተጠንቀቂ፦ ዲሴምበር ስለሆነ በየመስኮቱ «ፖልቮሮን»ና «ማንቴካዶ» የሚባሉ ብስኩቶች ተከምረው ታያለሽ፤ ሆቴልም በነፃ ያስቀምጣል። በባህላቸው የሚሠሩት በአሳማ ስብ ነው። መጠቅለያው ላይ «ማንቴካ ዴ ሴርዶ» ካለ አይነካም። «ቱሮን» የሚባለው የለውዝ ጣፋጭም የእንቁላል ነጭ አለበት።

ጣፋጭ ከተፈለገ ኦርቻታ አለላችሁ። ቹፋ ከምትባል ትንሽ የመሬት ውስጥ ፍሬ፣ ከውኃና ከስኳር ብቻ ይሠራል፣ ወተት የለውም፤ መልኩ ብቻ ነው ወተት የሚመስለው። ሳንታ ካታሊና የሚባለው የቆየ ቤት በአሮጌው ከተማ ውስጥ፣ ዳንኤል ደግሞ አልቦራያ አለ። አብሮት የሚቀርበው «ፋርቶን» የሚባለው ረዥም ዳቦ ግን በእንቁላል ስለሚሠራ ለጾም አይሆንም። በሱ ፋንታ «ቡኙዌሎስ ዴ ካላባሳ» ብሉ፤ ዱባ፣ ዱቄት፣ እርሾና ውኃ ነው፣ በዘይት ተጠብሶ ስኳር ይነሰነስበታል። እንቁላል የሚጨምር ቤት ስላለ «ዬባ ኡዌቦ?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

#7 ሰላም_ፍራንክፈርት
እትዬ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ የብስኩቱን ነገር ፈጽሞ አላስብም ነበር። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አሁን የቀረኝ ፓኤያውና ሰዓቱ ነው። እናቴ ዓርብና ሰኞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከጾመች ምሳ ቤቱ አይዘጋብንም? ጥንቸል የሌለበት ፓኤያ ሲታዘዝስ መረቁ ከየት ይመጣል?

#8 የሩዝ_ሰው (ካስቴዮን)
ሰዓቱ እንደሚመቻችሁ ልንገርሽ። የስፔን ምሳ ከ7 ሰዓት ተኩል እስከ 10 ሰዓት (ከ13:30 እስከ 16:00) ነው። ወጥ ቤቱ የመጨረሻ ትእዛዝ የሚቀበለው ወደ 9 ሰዓት ተኩል (15:30) ላይ ነው። ስለዚህ ለ9 ሰዓት (15:00) ጠረጴዛ መያዝ እዚያ አገር የተለመደ ነገር ነው፤ ማንም አይገረምም። አደጋው ሌላ ነው፦ 9 ሰዓት ላይ ገብታችሁ ፓኤያ ብታዙ፣ ከባዶ ሲሠራ ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ስለሚፈጅ፣ ወጥ ቤቱ እምቢ ይላል፤ ወይም የተረፈ ያሞቅላችኋል። መፍትሔው አስቀድሞ ማዘዝ ነው። ጠዋት ወይም ከአንድ ቀን በፊት ደውላችሁ «ኡና ፓኤያ ዴ ቤርዱራስ ፓራ ዶስ፣ ፓራ ላስ ትሬስ» በሉ፤ ለሁለት ሰው የአትክልት ፓኤያ፣ ለ9 ሰዓት ማለት ነው። በሩ ላይ ስትደርሱ ከእሳት ይወርዳል።

ከ10 ሰዓት (16:00) በኋላ እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል (20:30) ድረስ የብዙ ምግብ ቤት ወጥ ቤት ይዘጋል። ይህ ለእኛ ሰው ከባድ ነው፤ 11 ሰዓት ላይ ርቦት ሲዞር ክፍት የሚያገኘው ለቱሪስት የተከፈተውን ብቻ ነው። እናትሽ 9 ሰዓት ላይ ጠግበው ከበሉ እስከ ማታ ይዘልቃሉ።

ወደ ፓኤያው ስመጣ፦ «ፓኤያ ቫሌንሲያና» የሚለውን ስም የያዘው ዶሮና ጥንቸል አለበት። የቫሌንሲያ ሩዝ የጥራት ምክር ቤት የመዘገባቸው ንጥረ ነገሮች አሥር ናቸው፦ ሩዝ፣ ዶሮ፣ ጥንቸል፣ ፈራውራ የሚባለው ሰፊ ፎሶሊያ፣ ጋሮፎ የሚባለው ትልቅ ነጭ ባቄላ፣ ቲማቲም፣ የወይራ ዘይት፣ ሳፍሮን፣ ጨውና ውኃ። ቀንድ አውጣ የሚጨምሩም አሉ። «ጥንቸሉን አውጡልኝ» ማለት ዋጋ የለውም፤ ሥጋው መጀመሪያ ተጠብሶ መረቁን የሚሰጠው እሱ ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው የአትክልት ፓኤያ ማዘዝ አለባችሁ፣ «ኮን ካልዶ ዴ ቤርዱራስ» ብላችሁም መረቁን አረጋግጡ። ያለዚያ በአንዳንድ ቤት በዶሮ ወይም በዓሣ መረቅ ይሠሩታል። በክረምት አርቲቾክ፣ የአበባ ጎመን፣ ጋሮፎና ቀይ ቃሪያ ይገባበታል፤ በዲሴምበር የአትክልት ፓኤያ ከበጋው ይልቅ የሚጥመው በአርቲቾኩ ነው። የአበባ ጎመኑ በጨው ከደረቀ ዓሣ ጋር የሚሠራበት ሌላ ሩዝ ስላለ፣ በምናሌው ላይ «ኮሊፍሎር» ስታዪ «ባካላዎ» የሚል አብሮት እንዳለ እዪ።

ለአንድ ሰው ፓኤያ የማይሠሩት ሰውን ለማስከፈል ብለው አይደለም። መጥበሻው ሰፊና ጥልቀት የሌለው ስለሆነ ሩዙ ከአንድ ጣት ውፍረት ሳያልፍ በእኩል መዘርጋት አለበት። ለአንድ ሰው 100 ግራም ያህል ሩዝ ነው፤ በትንሽ መጥበሻ ውኃው ቶሎ ያልቅና መሃሉ ሲበስል ዳሩ ይደርቃል። ሩዙ ከገባ በኋላ ከ18 እስከ 20 ደቂቃ ይፈጃል፣ አይማሰልም። ሲማሰል ስታርቹ ይወጣና ይለጠፋል። ከሥር የሚይዘው ወርቃማ ቅርፊት «ሶካራት» ይባላል፤ አሮ የመጣ መስሎሽ አትመልሺው፣ ቀጭንና ቡናማ እስከሆነ ድረስ የሚፈለገው እሱ ነው። ጥቁርና መራራ ከሆነ ግን አሯል።

መጥፎውን ለመለየት፦ በር ላይ ፎቶ ያለበት የፕላስቲክ ሰሌዳ፣ ለአንድ ሰው በ10 ደቂቃ የሚቀርብ፣ ማታ 3 ሰዓት ላይ የሚሸጥ ፓኤያ ከማቀዝቀዣ የወጣ ነው። የአገሬው ሰው ፓኤያ ማታ አይበላም። ቢጫ ቀለሙ ግን ማስረጃ አይሆንም፤ የቫሌንሲያ እናቶችም የምግብ ቀለም ይጨምራሉ።

ማልቫሮሳ ዳርቻ ላይ ካሳ ካርሜላ በእንጨት እሳት ከሚሠሩት ስመ ጥር ቤቶች አንዱ ነው፣ ሥራውም ለምሳ ብቻ ነው። የአትክልቱን ስታዢ መረቁን በስልክ አረጋግጪ። እሁድ የአገሩ ሰው የፓኤያ ቀን ነው፤ በማራቶን እሁድ ደግሞ ይብሳል፤ ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በፊት ያዢ። ወደ ኤል ፓልማር፣ ሩዙ ወደሚበቅልበት አልቡፌራ ሐይቅ፣ የከተማው 24 ቁጥር አውቶቡስ ይሄዳል፤ አልፎ አልፎ ስለሚመጣ መመለሻውን ሳያዩ መሄድ አያስፈልግም። እዚያ የሚመሰገነው «አል ኢ ፔብሬ» እባብ መሳይ ዓሣ ስለሆነ ለእናንተ አይሆንም።

#9 ወይዘሮ_ጓዳ (ሮም)
በጣም ጥሩ ተናግረሃል። ቅዳሜና እሁድ ሰዓት ስለማይጾም በነዚያ ሁለት ቀናት ጠዋትም መብላት ይቻላል፤ ሰላም ልጄ፣ ማዕከላዊውን ገበያ ለቅዳሜ ጠዋት አስቀምጪው። በ1928 የተከፈተ ትልቅ የብረትና የመስታወት አዳራሽ ነው፤ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል እስከ 9 ሰዓት (ከ7:30 እስከ 15:00) ይሠራል፣ እሁድ ዝግ ነው።

ቫሌንሲያዎች ከረፋዱ 3 ሰዓት ተኩል ጀምሮ (ከ9:30 በኋላ) «ኤስሞርሳሬት» የሚሉት ትልቅ ቁርስ አላቸው። ዳቦው በአብዛኛው ሥጋ ወይም እንቁላል አለበት፤ ከዳቦው በፊት በትንሽ ሳህን የሚመጣው ግን ሙሉ በሙሉ የጾም ነው፦ የወይራ ፍሬ፣ ኦቾሎኒና «ትራሙሶስ»። ትራሙሶስ የራሳችን ግብጦ ነው፣ በጨው ውኃ ተነክሮ የሚቀርብ። እናትሽ ሲያዩት ደስ ይላቸዋል። አብሮ በአትክልት የተሞላ ዳቦ «ቦካዲዮ ዴ ቤርዱራስ» ጠይቂ።

ቡና «ካፌ ሶሎ» በይ፣ ወተት የሌለው ማለት ነው። «ኮርታዶ» ወተት አለበት፣ «ቦምቦን» ደግሞ የወፈረ ጣፋጭ ወተት አለበት።

#10 ኑር_ጅዳ
አሰላሙ ዓለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁ። ከሳዑዲ ለምንመጣ ሰዎች ሐላል ምግብ እንዴት ነው? ቅቤና ሽሮ ይዤ ብመጣስ?

#11 ማርቆስ_ማድሪድ
ወዓለይኩም ሰላም። እንደ ወይዘሮ ጓዳ ዝርዝር አሳማ የሚገባባቸውን ካወቅሽ ግማሹ ተሠርቷል። የባሕር ምግብ ለእናንተ ስለሚሆን «ፓኤያ ዴ ማሪስኮ» ወይም ዛጎሉ ተላጦ የሚቀርበውን «አሮስ ዴል ሴኞሬት» ማዘዝ ትችላላችሁ፤ መረቁ ውስጥ ወይን ጠጅ እንዳለ «ዬባ ቢኖ?» ብላችሁ ጠይቁ። ዶሮ ያለበት ፓኤያ ሐላል እንደሆነ ካልተጻፈ ሐላል አይደለም። ሩሳፋ ውስጥ የሰሜን አፍሪካ ሰዎች ሱቆችና ምግብ ቤቶች አሉ፤ መስኮቱ ላይ «ሐላል» የሚለውን እያዩ መግባት ነው።

ሽሮ፣ በርበሬና ድርቆሽ እንጀራ ችግር የለባቸውም። ቅቤ፣ ቋንጣና አይብ ግን ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ይዞ መግባት የተከለከለ ነው፤ ይወሰድባችኋል። ሰላም ከጀርመን ስለምትመጣ ይህ አይመለከታትም።

የመኖሪያ ፈቃድ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ያለው ኢትዮጵያዊ የሼንገን ቪዛ ያስፈልገዋል፤ ለማመልከቻው የሚያያዘው ሆቴል ያለ ቅጣት የሚሰረዝ ይሁን። በጀርመን የመኖሪያ ካርድ ያለው ሰው ፓስፖርቱንና ካርዱን ሁለቱንም ይያዝ፤ በስፔን ሆቴሎች እንግዳን መመዝገብ ግዴታ ስለሆነ ሁለታችሁንም መታወቂያ ይጠይቋችኋል።

#12 ሰላም_ፍራንክፈርት
አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። ለእናቴ ማታ ማታ ሽሮ እንድሠራላት ብዬ አፓርታማ ብከራይ ይሻላል ወይስ ሆቴል?

#13 ባለ_ቱሪያ (ቫሌንሲያ)
ለጾመኛ አፓርታማ ይመቻል፤ ሁለት ነገር አረጋግጪ። የመጀመሪያው የፈቃድ ቁጥሩ ነው፤ በማስታወቂያው ላይ «ቪቲ» በሚሉ ሁለት ፊደላት የሚጀምር ቁጥር ከሌለ ተይው። ፈቃድ የሌለው ቤት ሊዘጋ ይችላል፣ በማራቶን ሳምንት ደግሞ ሌላ ቦታ አይገኝም። ሁለተኛው ምድጃው ነው፤ ብዙዎቹ የመስታወት ኢንዳክሽን ስለሆኑ የሸክላ ድስትም ሆነ አልሙኒየም አይሠራባቸውም፣ ቤቱ ውስጥ ባለው ድስት ሥሪ።

መርካዶና የሚባለው ሱፐርማርኬት በየሰፈሩ አለ፤ እሁድ ግን ዝግ ነው። በጠርሙስ የሚሸጥ የተቀቀለ ሽምብራና ምስር ግዢ፤ ጨውና ውኃ ብቻ መሆኑን ጀርባውን አንብቢ፣ «ሌንቴኻስ ኮን ቾሪሶ» (ምስር ከአሳማ ቋሊማ ጋር) የሚሉም አጠገቡ ተደርድረዋል።

አሁን ዋናው ነገር፦ ዲሴምበር 6 የሕገ መንግሥት ቀን፣ ዲሴምበር 8 ደግሞ የማርያም በዓላቸው ነው፤ ሁለቱም በመላ ስፔን የዕረፍት ቀን ናቸው። የማራቶኑ እሁድ 7 ላይ ከዋለ ቅዳሜና ሰኞም በዓል ስለሚሆኑ ሦስት ቀን በተከታታይ ገበያና ሱቅ ሊዘጋ ይችላል። በቀን መቁጠሪያ እዪና እንደዚያ ከሆነ ገበያውን ከቅዳሜ ወደ ዓርብ አዙሪው፤ ዓርብ እንደገባችሁ ሻንጣውን አኑራችሁ ከ9 ሰዓት በፊት ማዕከላዊው ገበያ ሂዱ፣ የሦስቱን ቀን ቲማቲም፣ ሽንኩርት፣ አርቲቾክና ፍራፍሬ ግዙ። ከበዓሉ ውጭ ቢሆንም ብዙ ምግብ ቤቶች እሁድ ማታና ሰኞ ስለሚያርፉ የሰኞውን የ9 ሰዓት ምሳ ከአሁኑ በስልክ ያዢ።

አየር ማረፊያው ከከተማው የትኬት ክልል ውጭ ነው። ማሽኑ ላይ መድረሻሽን «አኤሮፖርት» ብለሽ ምረጪ፤ የከተማ ትኬት ይዘሽ ከሄድሽ መውጫው በር አይከፈትም። የትኬት ካርዱን እስክትወጪ ድረስ አትጣዪው፣ ሲወጣም ይነካል። ሰኞ ማታ ስለምትበሩ ሆቴል ከሆነ ሻንጣችሁን እስከ ማታ ያስቀምጥላችኋል፤ አፓርታማ ከሆነ ግን ይህን ከባለቤቱ ጋር አሁኑኑ ተስማሚ።